ናት ጠፍታለች

ውድ ድምቡሼ፣

ይህን ወረቀት ሻንጣሽ ላይ ካገኘሽው ቆመሽ አታንብቢው፤ አልጋው ላይ ቁጭ በይ። መቅደድ ካማረሽም ጨርሰሽ ቅደጂው። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። «ፈሪ ለእናቱ» በተባለ ቁጥር እማዬ ወደ እኔ እያየች ነው የምትስቀው። ድመት ስትዘል የምደነግጥ፣ በር በኃይል ሲዘጋ የቆጠርኩትን ኪኒን የምበትን የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ። የአሁኑ ፍርሃቴ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሳታነቢው እንዳትቀሪ ነው የምፈራው።

ቤተሰቦቼ ጠልተውኛል ብለሽ ከተከራየሽው ክፍል እንደወጣሽ ሰምተናል። አልጠላንሽም። ስትደውይልን አልሰማንሽም፤ እውነቱ ይኸው ነው። እንዲህ በአንድ መስመር ስጽፈው ለራሴም ሰበብ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

አንቺ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄድሽ በኋላ የቤታችን ስልክ ተቀየረ። የድሮው መስመር ተነሥቶ በምትኩ የኢንተርኔት ስልክ ገባ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ራውተር የሚሏት፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ሳጥን ተቀመጠች፤ ትንሽ ስክሪን ያለው ጥቁር ስልክ ደግሞ ከእሷ ጋር በገመድ ተያያዘ። እማዬ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ እንዳይቀየር። «ልጄ በቃሏ የምታውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው» አለች። ሕፃን ሳለሽ እንደ ዜማ እያስጠናች ያስያዘችሽን ቁጥር ማለቷ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም። የገጠመው ሰውዬ በራሱ ሞባይል ደወለበት፣ ስልኩ ጮኸ፣ «ይኸው፣ ሠርቷል» ብሎ መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ። እጀታውን አንሥቶ ያዳመጠ ሰው ግን አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ያንቺ ሞባይል አልከፈት አለ። እማዬ መጨነቅ ጀመረች፣ እኔ «ደመወዝ ስትቀበል አዲስ ትገዛለች» እያልኩ አረጋጋት ነበር። በዚያው ሰሞን የቤቱ ስልክ ይጮህ ጀመር። ስናነሣው ድምፅ የለም። የደዋዩን ቁጥርም አያሳይም፤ ያንን አገልግሎት አላስገባነውም ነበር። «ሄሎ» እንላለን፣ ምንም። ሰው አፉን ዘግቶ እንኳ ሲያዳምጥሽ ትንፋሹ ይሰማል፤ ይሄኛው ግን ጭር ያለ ጉድጓድ ነበር።

ጎረቤት «ሌቦች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያጣሩት በስልክ ነው» አለን። አባባ በዚያው ቀን በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠመ፣ ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ የተረፈውን የጎማ መፍቻ ብረት ከአልጋው ሥር አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ከፋርማሲ እስከ ቤት የሚከተለኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር እያልኩ መሄድ ያዝኩ። አንድ ምስኪን ከኋላዬ ቢያስነጥስ ሮጬ ዳቦ ቤት ገባሁ፤ አፍሬ የማልፈልገውን ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ።

አንድ ቀን እማዬ እጀታውን እንደያዘች «ድምቡሼ ትሆን እንዴ?» አለች። የመለስኩላት እኔ ነኝ። «ድምቡሼ ስልክ ይዛ ዝም ልትል? እሷ እኮ ተኝታም ታወራለች» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የተባለውን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። እማዬ ትራገም ነበር። እኔ «ሥራ ፈት» ብዬ እጀታውን ጠርቅሜያለሁ። አባባ ያለውን በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በሥራ ቦታዬ ነው። አንድ ከሰዓት አባባ የልብ ኪኒኑን እንዳይረሳ እማዬን ላስታውሳት ሞባይሏ ላይ ብደውል አታነሣም። ስለዚህ በቤቱ ስልክ ደወልኩ። ከተቀየረ ወዲህ በእሱ ደውዬ አላውቅም፤ ሁላችንም የምንገናኘው በሞባይል ነው። እማዬ አነሣች። «ሄሎ» ስትል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከጀርባዋ ሬዲዮው ሳይቀር ይሰማኛል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሄሎ? ሄሎ? … ደግሞ ጀመረህ?»

«እማዬ! እኔ ነኝ እኮ!»

«ምን አድርገንህ ነው? ምን በደልንህ? የእጅህን ይስጥህ» አለችኝ፣ የገዛ እናቴ።

ማዘዣ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው እያዩኝ «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ጮህኩ። የምታየኝ ይመስል እጄንም አወዛወዝኩ። እጀታው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የአባባ ሳል መጣ። «ስማ፣ አንተ» አለ። ቀሪውን ታውቂዋለሽ። በዕድሜዬ አባቴን እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም። እኔን እንዳልሆነ እያወቅኩ ከመደርደሪያው ጀርባ ተሸሸግኩ።

ሲዘጋብኝ ያ ደዋይ አንድም ቀን ዝም ብሎ እንደማያውቅ ገባኝ። ሲናገር ኖሯል። ማን እንደሆነም እዚያው ገባኝ፤ ስምሽን ከአፌ ለማውጣት ግን ፈራሁ።

ነጩን ጋዋኔን ሳላወልቅ ቤት ደረስኩ። «ደዋዩ ዝም አላለም፤ እኛ ነን የማንሰማው» አልኳቸው። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። አባባ ተነሥቶ መኝታ ክፍል ገባ፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው።

ወደ ስልክ ድርጅቱ ደውዬ ሞባይሌን ስፒከር ላይ አደረግኩና ከኢንተርኔቱ ስልክ ጎን አስቀመጥኩት። ያነጋገረኝ ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ዕቃን ሁሉ በሴት ነው የሚጠራው። ስልኳ፣ ራውተሯ፣ መስመሯ። ሚስቱ እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

«የማይሰማው ማን ነው? እናንተ ወይስ ደዋዩ?» አለኝ።

«እኛ ነን።»

«በቃ አወቅኳት። ሜኑ ውስጥ ግቢ። ሴቲንግ። ኔትወርክ። አሁን ወደ ታች ውረጂ፣ ናት ትመጣልሻለች።»

«ማን ናት?»

«ናት።»

«እኮ ማን?»

«ኤን፣ ኤ፣ ቲ። ናት። አየሻት?»

«እ… አዎ፣ አለች።»

«አጠገቧ ምን ይላል?»

«ኦፍ» ብዬ አነበብኩለት።

«ናት ጠፍታለች» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ድምጿ የማይመጣው ለዚህ ነው። እስቲ አድራሻዋን አንብቢልኝ።»

ቁጥሮቹን ከእነ ነጥባቸው አነበብኩለት።

«እሱ የውስጥ አድራሻ ነው። በዚህ አድራሻ ከውጭ የሚፈልጋት ሰው መቼም አያገኛትም።»

ግራ እንደገባኝ አውቆ አስረዳኝ። «ሕፃን ልጅ ጠፍታ ቤትሽ የት ነው ስትባል እኛ ቤት ትላለች አይደል? ስልክሽም እንደዚያ ናት። ቤት ውስጥ የምትጠራበትን አድራሻ ነው ለውጭ ሰው የምትሰጠው። የእናንተ ድምፅ ይወጣል። የእነሱ ድምፅ ግን እኛ ቤት ወደሚባል ቦታ ተልኮ መንገድ ላይ ይቀራል። ናትን ስታበሪያት የውጭውን አድራሻ መስጠት ትጀምራለች።»

እንዳለኝ አበራኋት። ከዚያ ጥቂት ነገር አስሞላኝ፣ ስልኩን አጥፍቼ እንድከፍተው አዘዘኝ። መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪመለሱ እማዬ ትከሻዬን ጨብጣ ቆማ ነበር። ባለሙያው ራሱ በቤቱ ስልክ ደወለ። እጀታውን አነሣሁ። «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ። ሰማሁት። እማዬ አለቀሰች። እኔ «አባባ! ና ስማ!» ብዬ ተጣራሁ።

ስገባ መኝታ ክፍሉ ባዶ ነው። ጃኬቱ ከመስቀያው ላይ የለም፤ ሞባይሉ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ኪኒኑም እዚያው።

«ቅድም በጓሮ በር ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለች እማዬ። «ወዴት ነው ስለው ‹ሰምቻለሁ› ብቻ አለኝ። አየር ሊቀበል መስሎኝ።»

«ምን ሰማ?»

ተያየን። የአባባን አንድ ጆሮ የሞተር ጩኸት እንደበላው ታውቂያለሽ። ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይሞላል። ባለሙያው ያለውን በልቤ ደገምኩት። ናት። ጠፍታለች። ድምጿ የማይመጣው ለዚህ ነው። በዚህ አድራሻ የሚፈልጋት ሰው መቼም አያገኛትም። አባባ ከፖሊስ ጋር ስለ አንቺ የምነጋገር መስሎታል።

እማዬ በነጠላ ጫማ ሮጠች፣ እኔ ከኋላዋ። መናኸሪያ ስንደርስ የድሮ ረዳቱን አገኘነው፤ አሁን ቲኬት ይቆርጣል። «ጋሼ ቅድም ተሳፍረዋል» አለን። «ወደ ልጃቸው ነው። አስቸኳይ ነው ብለው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ፊታቸው ግን ደስ አላለኝም።» ለሹፌሩ ደውልልን ስለው አንገቱን ነቀነቀ። «እየነዳ ስልኩን ያጠፋል። እንደዚያ ያስተማሩን ጋሼ ናቸው።»

እስከ ማግስቱ እንዴት እንደቆየን አልነግርሽም። እማዬ በመንገዱ ያሉትን መታጠፊያዎች እየቆጠረች «እዚህ ጋ ልቡ ቢቆምስ?» ትለኛለች፣ እኔም በየመታጠፊያው አብሬያት እሞታለሁ። ጠዋት የቤቱ ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ» አለ አባባ። በተስተካከለው ስልክ የገባ የመጀመሪያው የቤተሰብ ድምፅ የእሱ ነው።

«አባባ! ደህና ነህ? ኪኒንህን ሳትይዝ…»

«ጠፍታለች ያላችሁት እውነት ነው» አለኝ።

እሱ እኮ ስለ ስልኩ ነው፣ ተሳስተህ ነው ልለው ነበር። አፌን ከመክፈቴ «ክፍሏ ባዶ ነው። ያለው ሻንጣዋ ብቻ ነው» አለ።

ከዚያ አከራይሽ ስልኩን ከእሱ ተቀበለች። የቀረውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ሞባይልሽ ታክሲ ውስጥ እንደተሰረቀ። የምትሠሪበት ልብስ ስፌት ቤት እንደተዘጋ። ታመሽ እንደከረምሽ። ፊት ለፊት ያለው ሆቴል እንግዳ መቀበያ እየገባሽ በቃልሽ ወደምታውቂው ቁጥር ትደውዪ እንደነበር።

«የመጨረሻውን ቀን ደውላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር» አለችኝ። «‹ልምጣ ወይ ብዬ አባቴን ብጠይቀው፣ አንተ፣ ደጄን ብትረግጥ እግርህን ነው የምሰብረው አለኝ› ብላ አለቀሰች። እኔም ‹እግርህን ብሎ ለሴት ልጁ? ሌላ ሰው መስለሽው ነው› አልኳት። ‹አይደለም፣ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነው የሚለኝ› አለችኝ።»

እጀታውን ለእማዬ ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ድምቡሼ፣ እውነትሽን ነው። እኔን «አንቺ» ነው የሚለኝ። «አንተ፣ ና እስቲ መፍቻውን አቀብለኝ»፣ «አንተ፣ በላህ?» የሚለው ላንቺ ብቻ ነው፤ እኔ በዚህ ስቀናብሽ ነው ያደግኩት። ሌባ መስሎት የዛተውም በዚያው ቃል ነው። ለወንድ ሌባ ከዚያ ሌላ ምን ይላል? አንቺ «ልምጣ?» ስትዪ ቃልሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። እሱ ለባዶ መስመር ነው የመለሰው።

ስትሄጂም ሊሸኝሽ መናኸሪያ አለመምጣቱን ከዚህ ጋር ደምረሽው ይሆናል። ያን ቀን ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ከእናቱ ስነጥል ኖሬያለሁ፤ የራሴን ቆሜ አላይም» ነው ያለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም።

አከራይሽ ወዴት እንደሄድሽ አታውቅም። ሻንጣውን የሚወስድ ሰው እልካለሁ ብለሽ ወጥተሻል፣ እስካሁን የላክሽበት ሰው የለም። አባባ በከተማው ያሉትን ሐኪም ቤቶች ዞሮ፣ ፎቶሽን ፖሊስ ጣቢያ ሰጥቶ፣ እግሩ አብጦ ተመለሰ። እኔ የማይሆን ነገር ሁሉ አስባለሁ። መድኃኒት የሚገዛ ሰው የታመመች ልጅ ታሪክ ሲያወራ አንቺ እየመሰልሽኝ ዕድሜዋን እጠይቃለሁ። ማታ ማታ እማዬ ስትጸልይ በሩ ላይ ቆሜ ስምሽን ከሕያዋን ጋር መጥራቷን እሰማለሁ። እስክትጠራሽ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አባባ አሁን ወንበሩን ስልኩ ጎን አድርጎ ነው የሚውለው። ማንም ይደውል ማን፣ ያን «አንተ» ሸሽቶ «አንቺ ነሽ?» ብሎ ነው የሚያነሣው። ቧንቧ ሠሪው ሳይቀር በዚህ ቤት «አንቺ» ተብሏል። እሱም ጨዋ ነው፣ «አይደለሁም ጋሼ» ብሎ አለፈው።

ትናንት ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። አባባ አነሣ፣ እንዳሳየሁትም ስፒከሩን ነካው። ድምፅ ነበር። መኪና አለፈ፣ ከሩቅ ሰው ተጣራ፣ ከዚያ ከቅርብ ትንፋሽ ተሰማ፣ ሲያለቅስ ቆይቶ አፍንጫው እንደታፈነ ሰው። አባባ ያን ጊዜ «አንቺ ነሽ?» አላለም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «አን…» ይልና ያቆማል። «አንተ» ቢል ያን የዛተበትን ቃል ሊደግምብሽ ነው። «አንቺ» ቢል ደግሞ እንደ ባዳ ሊጠራሽ ነው። እኔም ጸጥታው ይፈርስ ይመስል እንደ ግዑዝ ቆሜ ቀረሁ። «አን…» አለ እንደገና። ትንፋሹ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተዘጋ።

ስልኩ ምንም እንከን አልነበረበትም። ዝም ያልነው እኛ ነን።

አንቺ መሆንሽን አላውቅም። ከሆንሽ ግን አባባ የሚጠራሽበት ቃል አጥቶ እንጂ ጨክኖ ዝም አላለም። ይህን ደብዳቤ ዛሬ በሚነሣው አውቶቡስ ለአከራይሽ እልካለሁ፣ ሻንጣሽ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ካነበብሽው ምንም መልስ አልፈልግም፤ ተሳፍረሽ ነይ። መንገዱን ካልቻልሽው ያለሽበትን ንገሪን፣ እንመጣለን።

ከመምጣትሽ በፊት ከደወልሽ ደግሞ፣ ተነሥቶ ማንም ባይናገር አትዝጊብን። አባባ ነው። ቃል እየመረጠልሽ ነው፤ እስኪያገኘው ታገሺው።

ፈሪዋ እህትሽ